ኮርቻው ሳይወርድ ፈረስ አትግዙ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ገበያዎች የኮርቻ ፈረስ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ በተለይም ጥምቀት ሲቃረብና ገበያው ሲሞቅ ገንዘባችሁን ይዛችሁ የምትወጡ፣ በእኔ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ ይህን ጽፌአለሁ። ባለፈው ኅዳር ወር ለአባቴ አንድ ዳማ ፈረስ በ38,000 ብር ገዛሁ። ሻጩም ደላላውም «አምስት ዓመት የሞላው፣ ትልቅ ሰው መሸከም የለመደ ነው» ብለው አረጋግጠውልኝ ነበር፤ ፈረሱ ግን ሦስት ዓመት እንኳ ያልሞላው፣ ጀርባው ያልጠና ሆኖ ተገኘ።

አባቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከሐይቁ ዳር ካለው ቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት በእግር መውጣት ስለከበዳቸው ነው ፈረስ የፈለግሁላቸው። ገበያ ስደርስ ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ ግላስ የሚባለውን የፈረስ ማስጌጫ ልብስ ለብሶ ቆሞ ነበር። ደላላው ምንም ሳልጠይቀው ራሱ ወጣበትና በሶምሶማ ወስዶ በሽምጥ መለሰው። ፈረሱ አልዘለለም፣ አልተራገጠም፤ እኔም በደንብ የተገራ ፈረስ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ኮርቻው ይውረድልኝ አላልሁም፤ አፉንም ከፍቼ አላየሁም።

ማታ አባቴ ኮርቻውን ሲያወርዱ የግላሱ ውስጠኛ ክፍል ቡናማ የጫማ ቀለም ነክቶት አየን። ጋማው ከሚያልቅበት ትንሽ ወደ ኋላ፣ ኮርቻው በሚያርፍበት በግራና በቀኝ፣ የልጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ጠጉር በቀለም ተሸፍኖ ኖሯል። በፈረስ ጀርባ ላይ፣ ኮርቻ በሚያርፍበት ቦታ እንዲህ ያለ ነጭ ጠጉር ሲታይ፣ አብሮት የተወለደ መልክ ካልሆነ በቀር፣ ኮርቻ ያቆሰለው ወይም አጥብቆ የተጫነው ቆዳ ያበቀለው ነው፤ ገጣባው ቢድንም ምልክቱ ይቀራል። ያ ፈረስ ገና በሁለት ዓመቱ ሰው ሲጫንበት ከርሟል ማለት ነው። አባቴ ከዚያ ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን አዩና «ልጄ፣ ይሄ እኮ የወተት ጥርሱን አልጨረሰም፤ እኔ በልጅ ላይ አልወጣም» አሉኝ። እስከ ዛሬም አልወጡበትም።

እሳቸው ያዩትን ማንኛችሁም ልታዩት ትችላላችሁ። ፈረስ ከላይ ስድስት፣ ከታች ስድስት የፊት ጥርሶች አሉት። የወተቶቹ ትንንሽና ነጫጭ ሆነው ከድዱ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ቀጠን ይላሉ፤ ቋሚዎቹ ግን ሰፋፊና ወደ ቢጫ የሚያደሉ ናቸው። መካከለኞቹ ሁለቱ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ከእነርሱ ቀጥለው ያሉት በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳርና የዳሮቹ በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ይተካሉ። ስለዚህ «አምስት ዓመት ሞልቶታል» የተባለ ፈረስ የዳር ጥርሶቹ ገና የወተት ከሆኑ ሻጩ ዋሽቷችኋል። በእኛ ፈረስ አፍ ውስጥ መካከለኞቹ ቋሚ ጥርሶች ገና ከድድ ብቅ ብለው ከጎረቤቶቻቸው እኩል አልደረሱም ነበር። ክራንቻን መለያ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ እርሱ በወንዱ ከአራት እስከ አምስት ዓመት የሚወጣ ሲሆን ባዝራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይኖራት የፊት ጥርሶቹን ማየት ይሻላል።

ዕድሜውን ይህን ያህል የማጠብቀው በአጥንቱ ምክንያት ነው። የፈረስ አጥንት ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጠናም፤ የፊት እግሩ ጉልበት በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲጠና፣ የአከርካሪው አጥንቶች ግን ከሁሉም በኋላ፣ አምስት ዓመት ተኩል ወይም ስድስት ዓመት ሲሆነው ነው እድገታቸውን የሚጨርሱት። ሰው የሚቀመጠው ደግሞ በዚሁ ዘግይቶ በሚጠናው ክፍል ላይ ነው። የውርንጭላ እግር ቀድሞ ስለሚረዝም ቁመቱን ብቻ ያየ ሰው አዋቂ ፈረስ ያየ ይመስለዋል፤ እኔንም ያታለለኝ አንዱ ይኸው ቁመቱ ነበር።

ፈረሱ ስንት ኪሎ ሊሸከም እንደሚችል ለማወቅ የራሱን ክብደት መገመት ያስፈልጋል፤ ለዚህም የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቹ በስተኋላ የደረቱን ዙሪያ፣ ቀጥሎም ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው ጫፍ ያለውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ለኩ፤ ዙሪያውን በራሱ አባዝታችሁ በርዝመቱ ካባዛችሁ በኋላ ለ11,880 ብታካፍሉት የፈረሱን ክብደት በኪሎ ግራም ታገኛላችሁ። ስሌቱ ለአዋቂ ፈረስ የተሠራ በመሆኑ ለወጣቱ ግምት ብቻ ነው። የእኛው ፈረስ ዙሪያው 136፣ ርዝመቱ 124 ስለነበር 193 ኪሎ ግራም ገደማ መጣ። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ ደግሞ የሰውዬውና የኮርቻው ክብደት ተደምሮ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በስምንት አዋቂ ፈረሶች ላይ የታተመ ጥናትም ጭነቱ 25 እና 30 በመቶ ሲደርስ የልብ ምታቸው መጨመሩንና ጡንቻቸው መታመሙን አሳይቷል። የዚያ ፈረስ 20 በመቶ 39 ኪሎ አይሞላም። አባቴ 61 ኪሎ ናቸው፤ ኮርቻው 9 ኪሎ ይመዝናል። ድምሩ ከፈረሱ ክብደት ከሲሶ በላይ ነው።

ደላላው ይህን ስነግረው «ጥር 23 እንጅባራ ሄደህ የሰባት ቤት አገውን ፈረሰኛ በበዓሉ እይ፤ ፈረሱ ከዚህ ይበልጣል?» አለኝ። ያገራችን ፈረስ ትንሽ መሆኑና ከተባለው ልክ በላይ ሲሸከም መታየቱ እውነት ነው፤ ይህም ቢሆን እያሰብን ልናደርገው የሚገባ ነገር ነው እላለሁ። ነገር ግን ጀርባው የጠና፣ ዓመታት የተገራ ፈረስ የሚችለውን ለወተት ጥርሱ ፈረስ ማስረጃ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

በማግስቱ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ያሳየንን ነገር ግን ከሁሉ በላይ አምኜበታለሁ። ፈረሱን ባዶ ጀርባውን፣ ረጋ ባለ እርምጃ በሐይቁ ዳር እርጥብ አሸዋ ላይ አስኬደው፤ የኋላ ሰኮናው የፊቱ ሰኮና በተወው ዱካ ላይ በትክክል ያርፍ ነበር። ከዚያ ኮርቻው ተጭኖ 36 ኪሎ የሚመዝነው የእኅቴ ልጅ ወጣበት። በዚያው አሸዋ፣ በዚያው እርምጃ፣ የኋላው ዱካ ከፊተኛው አራት ጣት ወደ ኋላ ቀረ፤ ጀርባው አልቀበል ሲለው እርምጃውን አሳጥሯል። ፈረሱ ያን ጊዜም አልዘለለም፤ ጭራውን እየወነጨፈ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ እያስተኛ ዝም ብሎ ሄደ። ሐኪሙ ልጁን ወዲያው አስወረደው። በአከርካሪው ግራና ቀኝ በአውራ ጣቱ ጫን ሲል ፈረሱ ሆዱ መሬት ሊነካ እስኪመስል ጀርባው ወደ ታች ጎበጠ። ወጣት ፈረስ ዝም ያለው ስለቻለ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ ይህን የምለው ራሴ በዝምታው ስለተታለልሁ ነው። አሸዋ ባታገኙ እንኳ ለስላሳ አፈር ፈልጉና በባዶውና በተጫነው እርምጃ መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። ከተጋለበ በኋላ ኮርቻው ሲነሣ ዙሪያው በላብ ርሶ መካከሉ ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካያችሁም ጫናው እዚያ እንደ በዛ እወቁ።

ገንዘቤን ልጠይቅ ስሄድ ሻጩ «ዓይንህ እያየ ገዛህ» አለኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ገዢው ግን የተረከበውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። እኔ በሦስተኛው ቀን አስታውቄአለሁ፤ ነገር ግን በሁለት ምስክር በተፈረመው ወረቀት ላይ የተጻፈው «አንድ ዳማ ፈረስ» የሚል ብቻ ነበር። ዕድሜውንና ለምን አገልግሎት እንደገዛችሁት፣ ማለትም ስንት ኪሎ የሚመዝን ሰው እንዲሸከም እንደሆነ፣ በውሉ ላይ አስጽፉ። ሻጩ ይህን ለመጻፍ እምቢ ካለ ብሩን አታውጡ።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ገበያ ሁለት ግላስ የለበሱ ፈረሶች ይዞ ደላላውን አየሁት። አንዱን የሚደራደሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ቀረብ ብዬ «መጀመሪያ ኮርቻው ይውረድና ጀርባውን እዩት» አልኋቸው። ሰውዬው ደላላውን አውርድልኝ አለው። ደላላው «የቸኮለ ሌላ ገዢ አለኝ» ብሎ ፈረሱን በልጓሙ እየሳበ፣ ኮርቻውን ሳያወርድ ሄደ።