ግምገማው ሳይወጣ ካርዳችሁን አታውጡ

አዲስ የአክሽን አድቬንቸር ጌም በቅድሚያ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። በተለይ «ዴሉክስ»፣ «ጎልድ» ወይም «አልቲሜት» የሚል ስም የተለጠፈበትን ልትገዙ ያሰባችሁ።

መጥፎ ጌም ድሮም ነበር፣ ወደፊትም አይጠፋም። እሱ ብዙ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ንግዱ የተሠራበት መንገድ ነው። ሻጩ የጌሙን ሁኔታ አብጠርጥሮ ያውቃል፤ ገዢው ምንም አያውቅም። ገዢው እንዲያውቅ የሚረዳው ግምገማ ደግሞ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ገጽታው በከፊል ተሸፍኖ ይወጣል። በዚህ መሀል ገንዘቡ ተከፍሎ አልቋል። የሚገርመው ደግሞ ቀድሞ የሚከፍለው ሰው ነው አብልጦ የሚከፍለው።

ሳይበርፐንክ 2077ን ታስታውሳላችሁ። ጌሙ የወጣው ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ነው (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ በፊት የተነበቡት ግምገማዎች በአብዛኛው ምስጋና ነበሩ። ገምጋሚዎቹ አልዋሹም። የደረሳቸው የኮምፒውተር ቅጂ ብቻ ነበር። የፕሌይስቴሽን 4 እና የኤክስቦክስ ዋን ቅጂ አስቀድሞ አልተሰጣቸውም። ይባስ ብሎ ራሳቸው ሲጫወቱ የቀረጹትን ቪዲዮ እንዳያሳዩ ተከልክለው ነበር፤ ማሳየት የሚችሉት ኩባንያው ያዘጋጀላቸውን ብቻ ነው። ከዚያ ጌሙ በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች ላይ ሲከፈት ጉዱ ወጣ። ምስሉ ይደበዝዛል፣ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል፣ ጌሙ መሀል ላይ ራሱን ይዘጋል። ሶኒ ሳምንት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ከፕሌይስቴሽን ስቶር አነሳው፤ ለገዙትም ገንዘባቸውን እንደሚመልስ አስታወቀ። ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው።

ዛሬ ሳይበርፐንክ ጥሩ ጌም ነው። በሴፕቴምበር 2023 የወጣው 2.0 አፕዴት ብዙ ነገሩን አስተካክሎታል። እንግዲህ አስቡት፤ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ዋጋ የከፈለው ሰው ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያገኘውን፣ የታገሰው ሰው በቅናሽ ወሰደው።

ስለዚህ ግምገማ ስታነቡ ነጥቡን ከማየታችሁ በፊት አንድ ነገር ፈልጉ። ገምጋሚው የተጫወተው በምን ላይ ነው? እናንተ ባላችሁ መሣሪያ ላይ ካልሆነ ያ ግምገማ ስለ ሌላ ዕቃ የተጻፈ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። የባትማን አርካም ናይት የኮንሶል ቅጂ በጁን 2015 ሲወደስ፣ የኮምፒውተሩ ቅጂ በቀናት ውስጥ ከሽያጭ ታግዶ እስከ ኦክቶበር አልተመለሰም። ዘ ላስት ኦቭ አስ ፓርት 1 በ2022 በፕሌይስቴሽን 5 ላይ እንከን የለሽ የሚባል ነበር። በማርች 2023 ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር ግን ተጫዋቹን ያማረረ ሆነ። ስሙ አንድ ነው፣ ሽፋኑ አንድ ነው፣ የምትገዙት ነገር ግን አንድ አይደለም።

ሁለተኛው የምታዩት ነገር ግምገማው መቼ እንደሚወጣ ነው። ኩባንያዎች ለገምጋሚ ቅጂ ሲሰጡ «ከዚህ ሰዓት በፊት እንዳታትሙ» ብለው ያስፈርማሉ። ይህ ኤምባርጎ ይባላል፤ በራሱ ነውር የለውም፤ ገምጋሚው እንዳይቻኮል እንዲያውም ይጠቅማል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ በኖቬምበር 2014 ሲወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ግምገማ እንዲታተም የተፈቀደው ሽያጩ ከተጀመረ 12 ሰዓት በኋላ ነበር። ሰው ገዝቶ፣ አውርዶ፣ ተጫውቶ፣ ፊታቸው ጠፍቶ ዓይንና ጥርስ ብቻ የቀሩ ገጸ ባሕርያትን ካየ በኋላ ማለት ነው። የጌሙ አሳታሚ ኡቢሶፍት ኋላ ይቅርታ ጠይቆ ተጨማሪውን ክፍል በነጻ ሰጠ።

ከቅርቡ ማይንድስአይን ውሰዱ። የሚመራው ሌስሊ ቤንዚስ ነው፤ በግራንድ ቴፍት አውቶ ሥራው የሚታወቅ ሰው። ጌሙ ጁን 10 ቀን 2025 በ60 ዶላር ወጣ። ከሽያጩ በፊት የወጣ ግምገማ አልነበረም። ቅድመ ሽያጩ ግን ክፍት ነበር። ከወጣ በኋላ የሆነው ይታወቃል፤ የባግ (የፕሮግራም ስህተት) ናዳ፣ ግራ የተጋቡ ጠላቶች፣ ገንዘባቸውን መልሱልን የሚሉ ተጫዋቾች። በእኔ አስተያየት ከትሬለሩም፣ ከመሥራቹ ስምም ይልቅ ያ የቅድሚያ ዝምታ ብዙ ይናገር ነበር።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን አንድ ነገር ልጨምር። ሆሎው ናይት ሲልክሶንግም በሴፕቴምበር 2025 ሲወጣ ለገምጋሚዎች አስቀድሞ ቅጂ አልተሰጠም። ነገር ግን ማንንም ቀድማችሁ ክፈሉ አላለም፤ ቅድመ ሽያጭ የሚባል አልነበረውም፤ ዋጋውም 20 ዶላር ነው። ዝምታ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ዝምታው ከቅድመ ክፍያ ጋር ሲመጣ ነው መሸሽ።

አንድ ሌላ ማምታቻ ደግሞ አለ። «ፕሪቪው» እና ግምገማ ይደባለቃሉ። ፕሪቪው ማለት ኩባንያው በመረጠው ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ኩባንያው ባዘጋጀው ኮምፒውተር ላይ፣ ለተወሰነ ሰዓት የተጫወተ ሰው አስተያየት ነው። የተቀመመ ጉርሻ ነው፤ ማዕዱን አያሳይም። ዩቲዩብ ላይ «ተጫወትኩት፣ ድንቅ ነው» የሚል ቪዲዮ ስታዩ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

አሁን ወደ ውዱ ኤዲሽን እንምጣ፤ ብር በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ነው። መደበኛው 70 ዶላር ይሆናል። ከላዩ ላይ 100፣ አለፍ ሲል 130 ዶላር የሚጠየቅበት አለ። በምላሹ የሚሰጠው ምንድን ነው? ለገጸ ባሕርይው ልብስ፣ የዲጂታል ሥዕል መጽሐፍ፣ ወደፊት የሚመጣ ተጨማሪ ክፍል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ሦስት ቀን ቀድሞ መጫወት»። ይህን የመጨረሻውን በደንብ እዩት። ጌሙ ተሠርቶ አልቋል። ሦስቱን ቀን ለሌላው ሰው የዘጉት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ የዘጉትን በር ለእናንተ በ30 ዶላር ይከፍታሉ።

በሩ ሲከፈት ደግሞ ውስጡ ያልተጠረገ ሆኖ ይገኛል። በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ሱሳይድ ስኳድ ኪል ዘ ጀስቲስ ሊግ ለ100 ዶላር ገዢዎች በ72 ሰዓት ቀድሞ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ሰርቨሩ ተዘጋ። ለምን ብትሉ፣ ጌሙን ገና የጀመሩ ሰዎች ታሪኩን እንደጨረሱ ተቆጥሮ ይከፈትላቸው ነበር። ለሰዓታት ሲጠበቅ ቆይቶ ማካካሻ ተብሎ የተሰጣቸው 20 ዶላር የሚያወጣ የጌሙ ውስጥ ገንዘብ ነው። ሊያጠፉት የሚችሉት እዚያው ጌም ውስጥ ብቻ። በዚያው ዓመት በኦገስት ስታር ዋርስ አውትሎውስ ተከተለ። አልቲሜቱ 130 ዶላር ነበር። ቀድመው ከገቡት የፕሌይስቴሽን 5 ተጫዋቾች አንዳንዶቹ የቆየ ቅጂ ላይ ሆነው ሲጫወቱ ተገኙና፣ አፕዴቱን ሲጭኑ ከመጀመሪያው እንዲጀምሩ ተነገራቸው። ቀድሞ ለመጀመር የከፈለ ሰው ሁለቴ ጀመረ።

«ወደፊት የሚመጣ» የሚለውማ አይነሳ። ሬድፎል በሜይ 2023 ሲወጣ የ100 ዶላሩ ኤዲሽን ገና ያልተሠሩ ሁለት ጀግኖችን ይዞ ነበር የተሸጠው። ጀግኖቹ ሳይመጡ ዓመት ሞላ። በሜይ 2024 ጌሙን የሠራው ስቱዲዮ ተዘጋ። ለተጨማሪው የከፈሉ ሰዎች የልዩነቱን ገንዘብ እንዲያገኙ መደረጉ ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ ይሆናል ብላችሁ አትተማመኑ።

የዲጂታል ዕቃ ደግሞ አያልቅም። ድሮ ካሴትና ዲስክ ሱቅ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል ተብሎ ቀብድ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ስቲም (የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር) ወይም ፕሌይስቴሽን ስቶር ላይ «አለቀ» የሚባል ጌም አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚወጣበት ቀን ጠዋት ብትገዙም፣ ከሳምንት በኋላ ብትገዙም ያው ፋይል ነው። እንዲያውም ከሳምንት በኋላ የሚወርደው የተሻለው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ እርማቶች ገብተውበታል።

ሳምንት መቆየት ሌላም ጥቅም አለው። ድራጎንስ ዶግማ 2 በማርች 2024 ሲወጣ ከፍተኛ ነጥብ ነበረው። ሰው ሲገዛው ግን መደብሩ ላይ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጡ ትናንሽ ዕቃዎች ተደርድረው አገኘ። ግምገማዎቹ ሲታተሙ ዕቃዎቹ ገና ለሽያጭ አልቀረቡም ነበር። ዕቃዎቹን ጌሙ ውስጥ በመጫወትም ማግኘት ይቻላል፣ ጌሙንም እኔ እወደዋለሁ። ቢሆንም ገምጋሚው ያላየውን ለገዢው ማቅረብ ደስ አይልም። በተጨማሪም በኮምፒውተር ላይ ከተማ ውስጥ ሲገባ በጣም ይንቀራፈፍ ነበር። ይህን ሁሉ የምታገኙት ከባለሙያው ግምገማ ይልቅ ከተራው ተጫዋች አስተያየት ነው። ስቲም ላይ ስታነቡ ሰውየው ስንት ሰዓት እንደተጫወተ እዩ፤ «የቅርብ ጊዜ» የሚለውንም ከጠቅላላው ለይታችሁ አንብቡ።

ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል ብላችሁ የምትጽናኑ ካላችሁ ደንቡን ቀድማችሁ እወቁ። በስቲም ከገዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውታችሁ ከሆነ ይመለስላችኋል። 2 ሰዓት ብዙ ይመስላል። የአክሽን አድቬንቸር ጌም ግን መጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው፤ ገጸ ባሕርይው በጠባብ መንገድ እየሄደ ያወራል፣ እናንተ የመቆጣጠሪያውን ዱላ ወደፊት ትገፋላችሁ። ዓለሙ ሲከፈትና ኮምፒውተሩ ሲጨነቅ ሰዓቱ አልፏል። ከላይ ያነሳሁት ዘ ላስት ኦቭ አስ በኮምፒውተር ላይ ከዚህም የባሰ ነበር። መጫወት ሳይጀመር ለግራፊክስ ካርዱ የሚያስፈልጉ ሼደር የሚባሉ ፋይሎችን ያዘጋጃል፤ ይህ በአንዳንዱ ኮምፒውተር እጅግ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል፤ ስቲም ደግሞ ያንን እንደ መጫወቻ ሰዓት ይቆጥረዋል። ቀድሞ በመግባት የሚገኘውም ሰዓት ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ከ2 ሰዓቱ ላይ ይቀነሳል።

ፕሌይስቴሽን ስቶር ከዚህ ይጠብቃል፤ ማውረድ ከጀመራችሁ በኋላ፣ ዕቃው ብልሹ ካልሆነ በቀር፣ ገንዘብ አይመለስም። ኒንቴንዶ በአጠቃላይ የተሸጠ አይመለስም ባይ ነው። ጂኦጂ (GOG) የሚባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር በተቃራኒው ከ2020 ጀምሮ ተጫውታችሁም ቢሆን 30 ቀን ይሰጣል። አንድን ጌም ከብዙ መደብር መግዛት የምትችሉ ከሆነ ይህ ልዩነት ከጥቂት ዶላር ቅናሽ ይበልጣል።

በኮምፒውተር የምትጫወቱ ዝቅተኛውን የመሣሪያ መስፈርትም አትዝለሉ። ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል በዲሴምበር 2024 ሲወጣ ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን አካሄድ እያሰላ ምስል መሥራት) የሚችል ግራፊክስ ካርድ ግዴታው ነበር። ጌሙ ግሩም ነው፤ ካርዳችሁ ካልቻለ ግን ግራፊክሱን ዝቅ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም።

አለመግዛት ምንም አይለውጥም የሚል ሰው ካለ የአሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስን ነገር ይይ። አውትሎውስ የታሰበውን ያህል ሳይሸጥ ሲቀር ኡቢሶፍት በሴፕቴምበር 2024 ሻዶውስን አዘገየ፣ ቀድሞ መግባትን ሰረዘ፣ ሲዝን ፓሱን (ወደፊት ለሚመጡ ተጨማሪ ክፍሎች አስቀድሞ የሚከፈልበትን ጥቅል) አስቀረ፣ በቅድሚያ ለከፈሉት ገንዘባቸውን መለሰ። በመጨረሻ ማርች 20 ቀን 2025 ሲወጣ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ጀመረው።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ገና አልመሸም። ስቲም ላይ በቅድሚያ የተገዛ ጌም እስከሚወጣበት ቀን ድረስ በማንኛውም ጊዜ መሰረዝ ይቻላል። ወደ ስቲም ሰፖርት ገጽ ገብታችሁ ግዢውን መርጣችሁ ተመላሽ ጠይቁ። ፕሌይስቴሽን ላይም ጌሙ ሊወጣ ከ14 ቀን በላይ ሲቀረው የከፈላችሁ ከሆነ እስኪወጣ ድረስ ማስመለስ ትችላላችሁ። ሱቅ ሄዳችሁ ቀብድ የሰጣችሁ ደግሞ ደረሰኙን ፈልጉ፤ ሲወጣ ሳይሆን አሁን ሂዱ።