ዝናብ የጠጣው ኬብሌ፦ የሞከርኳቸው የኮአክስ ኮኔክተሮች

አዲስ አበባ እያለሁ ዲሽ እተክል ነበር። ኮአክሱ (የአንቴናው ክብ ኬብል) ሲያጥር ሁለቱን ጫፍ ልጠን፣ መሃል ሽቦውን ከመሃል ሽቦ ጠምዝዘን፣ በናስትሮ ጠቅልለን እንወርዳለን። ናይልሳት ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ሂሳባችንን እንቀበላለን። ሜሪላንድ ገብቼ የአማተር ራዲዮ ፈቃድ ካወጣሁ በኋላ እጄ ያንኑ ሊደግም ቃጣው።

ዲሽ ግን መቀበል ብቻ ነው። የኔ ራዲዮ 100 ዋት ወደ ጣራ ይልካል። የተጠማዘዘው ቦታ ላይ የኬብሉ 50 ኦም (ራዲዮውም አንቴናውም የሚጠብቁት ልክ) ይዛባል፣ ከተላከው ጉልበት የተወሰነው ተመልሶ ይመጣል። በተለይ 2 ሜትር ባንድ (146 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ላይ ይህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ሹሩባው (ዙሪያውን የተጎነጎነውን መዳብ እኔ እንደዚያ ነው የምለው) ከተከፈተ ደግሞ ኬብሉ የሰፈሩን ጫጫታ ሁሉ ይለቅማል።

ስለዚህ ኮኔክተር ገዛሁ። መጀመሪያ ያዘዝኩት ስም የሌለው፣ በኒኬል የተለበጠ፣ አስር በአንድ ከረጢት የሚመጣ ፒኤል-259 (ኬብል ጫፍ ላይ የሚበየደው፣ ባለ እሾህ ወንዱ ኮኔክተር) ነው። እርካሽነቱ አጓጓኝ። ለመበየድ ስሞክር እርሳሱ ቅባት ላይ እንደወደቀ ውሃ ኳስ ሆኖ ይንከባለላል። ኒኬል እርሳስ ቶሎ አይዝም። ሙቀቱን ጨመርኩ። ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ለሰለሰና መሃሏ ላይ ያለችው እሾህ ዘመመች። ባለቤቴ «ምን ተቃጠለ?» እያለች ወጣች። ከአስሩ አራቱን ጣልኩ።

ከተረፉት ሁለቱን ጣራ ላይ ተጠቀምኩባቸው። ሁለት ኬብል በበርሜል፣ ማለትም በሁለቱም በኩል ሴት በሆነችው ማያያዣ፣ አገናኘሁና እንደለመድኩት በናስትሮ ብቻ ጠቀለልኩት። ክረምቱ አልፎ ራዲዮው ደነቆረ። የሚገርመው ኤስ ደብሊው አሩ (የሚመለሰውን ጉልበት የሚናገረው የሜትር ቁጥር፣ ምርጡ 1 ነው) 1.2 ነበር። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? እሱ ነው ያታለለኝ። ውሃ የገባበት ኬብል የሚሄደውንም የሚመለሰውንም ጉልበት ስለሚበላው፣ ሜትሩ ጋ ተመልሶ የሚደርስ ነገር የለም። በርሜሉን ስፈታው ውሃ ጠብ አለ። ሹሩባው ውሃውን እንደ ኩራዝ ክር ስቦት ክንድ ያህል ድረስ አረንጓዴ ሆኗል። ቆርጬ ጣልኩት።

ሁለተኛው ግዢዬ በብር የተለበጠው የአምፌኖል ፒኤል-259 ነው። የአንዱ ዋጋ ከርካሾቹ አራቱን ይገዛል። ግን እርሳሱ ገና ሲነካው ይፈሳል። ብሩ ሲቆይ ይጠቁራል፣ አትደንግጡ፣ ጥቁረቱ ስራውን አያበላሽም። ስትገዙ ማገጃው ቴፍሎን የሆነውን ምረጡ፣ ሙቀት ይችላል። መበየጃችሁ 30 ዋት ከሆነ ግን ብሩም አያድናችሁም፣ የኮኔክተሩን ገላ ለማሞቅ 100 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ለቀጫጭን ኬብል ማጥበቢያ ለብቻው ይገዛል፦ ለአርጂ-58 ዩጂ-175፣ ለአርጂ-8ኤክስ ዩጂ-176። እኔ አቀያይሬ ገዝቼ አንድ ቅዳሜ ተቃጥሏል። ሌላ ቅዳሜ ደግሞ አሳምሬ በይጄ ከጨረስኩ በኋላ ኮኔክተሩን የምታጠብቀውን ባለ ጥርስ ቀለበት ጠረጴዛው ላይ አየኋት። ከመበየድ በፊት ኬብሉ ላይ መግባት ነበረባት። አንጀቴ እርር አለ።

ሦስተኛው የሚጨፈለቀው ዓይነት ነው። መሃል ሽቦውን ትበይዳላችሁ፣ ሹሩባውን ግን በፒንሳ ሳይሆን በራሱ መጨፍለቂያ ትጨፈልቃላችሁ። መጨፍለቂያው ውድ ነው፣ ጥርሱም በኬብሉ ውፍረት ልክ መሆን አለበት። ለሁለት ኮኔክተር ብሎ መግዛት አያዋጣም። ወፍራሙን ኤልኤምአር-400 ለሚዘረጋ ሰው ግን እፎይታ ነው። የኔ ሁለት ዓመት ጣራ ላይ ከርሞ ንቅንቅ አላለም።

ኮኔክተር ጉልበት ይበላል የሚሉ አሉ። በደንብ ከተሰራ የሚበላው ኢምንት ነው። ዋናው በላተኛ ኬብሉ ነው። በ150 ሜጋኸርዝ 30 ሜትር አርጂ-58 6 ዲቢ ያህል ይውጣል፣ ማለትም ከ50 ዋት አንቴናው ጋ የሚደርሰው 12 ገደማ ነው። ኤልኤምአር-400 በዚያው ርቀት 35 ያህሉን ያደርሳል።

ፒኤል-259 «የዩኤችኤፍ ኮኔክተር» መባሉ አያሳስታችሁ። ስሙ የ1930ዎቹ ነው፣ ያኔ ከ30 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ሰማይ ነበር። ለ440 ሜጋኸርዝ ኤን የሚባለውን ግዙ። 50 ኦሙን ይጠብቃል፣ ውስጡም ውሃ የሚከለክል ጎማ አለው። ፒኤል-259 ጎማ የለውም።

መቀጠል ግድ ካልሆነ አትቀጥሉ፣ በልኩ አንድ ወጥ ኬብል ግዙ። ግድ ከሆነ በርሜሉን እርስ በርሱ በሚጣበቀው የጎማ ቴፕ እየለጠጣችሁ ጠቅልሉ፣ ከላዩ ናስትሮ ድገሙበት። የመጨረሻው ዙር እንደ ጣራ ቆርቆሮ ከታች ወደ ላይ ይሂድ፣ ውሃው እየተንሸራተተ እንዲወርድ። ኬብሉም ቤት ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፣ ጠብታው እዚያው ይውደቅ።

አሁን ከአምስት ኪሎ የምትጠራውን የአማተር ራዲዮ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤን፣ አድብቼ የምጠብቀው በብሩ ኮኔክተር ነው። ከርካሾቹ የቀሩት አራቱ መሳቢያ ውስጥ አሉ። ጓደኛዬ ስጠኝ ብሎኛል፣ ወዳጅነታችንን ስለምፈልገው አልሰጠሁትም።