ቅልጥሙ እምቢ ሲል፦ የሶሪያሲስ መርፌዎች ንጽጽር

ሶሪያሲስ ቆዳ ላይ ቅርፊት የሚያወጣ በሽታ ነው። ለእሱ ባዮሎጂክ መርፌ (በሽታውን የሚቀሰቅሰውን የሰውነት መልእክተኛ ለይቶ የሚያግድ መድኃኒት) ከጀመራችሁ ወራት አልፈዋል። ጀርባው ጠርቷል፣ ሆዱም ጠርቷል፣ ሐኪሙ ደስ ብሎታል። እናንተ ግን ሱሪያችሁን ከፍ ስታደርጉ ቅልጥማችሁ ላይ ያው ቅርፊት አለ። ሌላው ክርኑ ላይ፣ ሌላው ጥፍሩ ውስጥ፣ ሌላው ጸጉሩ ሥር ይቀርበታል። እልኸኞቹ ቦታዎች እነዚህ ናቸው፤ ከሁሉም የሚብሱት ደግሞ የቅልጥም ፊትና ክርን ናቸው። ስለዚህ መርፌ ከማወዳደራችሁ በፊት የራሳችሁን እልኸኛ ቦታ ለዩ።

ማስታወቂያ ላይ "90 በመቶ ጠራ" ሲባል ቁጥሩ የሚመጣው ፓሲ ከሚባል የበሽታው ስፋትና ክብደት መለኪያ ነው። ፓሲ ለራስ 10፣ ለክንድ 20፣ ለደረት፣ ለሆድና ለጀርባ 30፣ ለእግር 40 በመቶ ክብደት ይሰጣል። ጥፍርን ጭራሽ አይቆጥርም። እና ጭንቅላቱ ላይ ምንም ያልተሻለው ሰው ሌላው ከጠራለት በወረቀት ላይ "90" አካባቢ ሊደርስ ይችላል።

ደግሞ የቀረው ነገር በእርግጥ ሶሪያሲስ ነው ወይ? በእኛ ቆዳ ላይ በሽታው ሲለቅ ጠቆር ያለ ምልክት ትቶ ይሄዳል፣ ቅልጥም ላይ ደግሞ ለወራት ይቆያል። ጣታችሁን አሻሹበት። ልሙጥ ከሆነና ካልተቀረፈ አብዛኛውን ጊዜ የቀረው ቀለሙ ብቻ ነው። ከፍ ብሎ የሚሻክር ከሆነ በሽታው አልለቀቀም። ጥሩ የሚሠራ መርፌ በዚህ ምክንያት ብቻ ሲቀየር በጣም ያሳዝናል።

አሁን ወደ መርፌዎቹ። ፍጥነት ለሚፈልግ የ17 ቤተሰብ (ኢንተርሉኪን-17 የሚባለውን መልእክተኛ የሚያግዱት ኮሴንቲክስና ታልዝ) ይቀድማል። ታልዝንና ትረምፋያን ፊት ለፊት ባጋጠመውና እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ጥናት፣ በ12ኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ የጠራላቸው በታልዝ 41 በትረምፋያ 25 በመቶ ነበሩ። በ24ኛው ሳምንት ግን 50 እና 52 ሆነው ተቀራረቡ። የ23 ቤተሰብ (ኢንተርሉኪን-23ን የሚያግዱት ትረምፋያና ስካይሪዚ) ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ የሚወጉበት ጊዜም ይራራቃል። ከመጀመሪያዎቹ መርፌዎች በኋላ ትረምፋያ በ8 ሳምንት፣ ስካይሪዚ በ12 ሳምንት አንዴ ነው፤ ታልዝና ኮሴንቲክስ ግን በ4 ሳምንት አንዴ። መርፌ ለሚፈራ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግራችሁ ጥፍር ከሆነ እኔ ወደ ታልዝ አደላለሁ፤ በዚያው ጥናት ጥፍር ላይ የበለጠው እሱ ነው። ሁሚራም (ቲኤንኤፍ የሚባለውን ሌላ መልእክተኛ የሚያግደው መርፌ) ጥፍር ላይ ጥሩ ይሠራል። ግን ታገሱ። የእጅ ጥፍር በወር የሚያድገው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ሙሉውን ለመቀየር ግማሽ ዓመት ይፈጅበታል፣ የእግር ጥፍር ደግሞ ከዓመት በላይ። ሥሩን ተመልከቱ፦ አዲስ የሚወጣው ንጹሕ ከሆነ መድኃኒቱ ይዞታል፣ ጫፉ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ተገፍተው እስኪቆረጡ ነው የምትጠብቁት።

ብልትና ብሽሽት ላይ ከሆነ አትፈሩ፣ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሰው እያፈረ ስንት ዓመት ይሰቃያል። ታልዝ ለዚህ ቦታ ለብቻው ተጠንቷል። ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እዚያ አታስነኩ፣ ቆዳው ስስ ነው። መዳፍና ውስጥ እግርም አስቸጋሪ ነው፤ የትኛውም መርፌ ቢሆን ጊዜ ይወስዳል።

ቅልጥምና ክርን ብቻ ከቀሩ የኔ ምክር መርፌውን ሳትቀይሩ መጀመሪያ ቅባት መጨመር ነው፤ ካልሲፖትሪዮልና ቤታሜታዞን አንድ ላይ ያለበትን፣ ካልሆነም ቦታውን ብቻ የሚመታ የኤክሳይመር ብርሃን ጠይቁ። ኪሎ የጨመረ ሰውም መጠኑን ያስታውስ፦ ስቴላራ የሚባለው መርፌ ከ100 ኪሎ በላይ ለሆነ 45 ሳይሆን 90 ሚሊ ግራም ነው።

ከ17 ቤተሰብ የሆነው ቢምዘልክስ ኃይለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ከኮሴንቲክስ ጋር ሲወዳደር በ16ኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ የጠራላቸው 62 ለ49 በመቶ ነበሩ። ዋጋው ግን የአፍ ፈንገስ ነው፤ 19 ለ3 በመቶ። የአንጀት ሕመም (ክሮንስ) ያለበት ሰው ከ17 ቤተሰብ ይልቅ ስለ 23ቱ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ኢትዮጵያ የተወለድን ደግሞ የቲቢ ነገር አለብን። ሁሉም መርፌ ከመጀመሩ በፊት ምርመራ ይደረጋል፤ የተደበቀ ቲቢን በመቀስቀስ በጣም የሚፈራው የሁሚራ ቤተሰብ ነው። በልጅነታችን የተከተብነው የቲቢ ክትባት (ቢሲጂ) ክንድ ላይ የሚወጋውን የቲቢ ምርመራ በውሸት ሊያሳብጠው ስለሚችል የደሙን ምርመራ ጠይቁ።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሌሎች ኩባንያዎች የተሠሩ የሁሚራ ተመሳሳዮች ገበያ ስለገቡ ኢንሹራንሱ "መጀመሪያ እሱን ሞክሩ" ሊላችሁ ይችላል። ሐኪሙ ደብዳቤ ሲጽፍ "ሶሪያሲስ አለበት" ብሎ እንዳያልፈው። ጥፍር፣ ብልት፣ መዳፍ ወይም ራስ መሆኑን በስሙ ይጥቀሰው፣ ፎቶም ያያይዝ፤ የተሸፈነው ቆዳ ትንሽ ቢሆንም እነዚህ ቦታዎች ብቻቸውን ጠንከር ላለ ሕክምና በቂ ምክንያት ናቸው።