ለጓሳው ጠባቂ ምስጋና፣ ወደ መንዝ ለምትሄዱም ጥቆማ

ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። በመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ከሚሠሩት ጠባቂዎች አንዱ ነው። «ስሜን አታንሺው እህቴ፣ ሥራው የሁላችንም ነው» ስላለኝ ስሙን አልጽፍም። ሥራውን ግን ዝም ብዬ ባልፍ ቅር ይለኛል።

ጓሳን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ከጣርማ በር ወደ መሃል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው የምታገኙት። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሜዳው በሙሉ የጓሳ ሣር ነው፣ መሃል መሃሉ ላይ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ቆሟል። ጭላዳው በመንጋ ይግጣል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን በቀን ታያላችሁ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ሁሉም ያሉት እዚሁ አገራችን ነው።

ከደብረ ብርሃን ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ነበር የሄድነው። እኛ ሜዳው ላይ እያለን አንድ ኮስትር ሙሉ ወጣት መጣ። ስፒከሩ ተከፈተ። ቢራው ወጣ። ሁለት ሦስት ጠርሙስ ድንጋይ ላይ ተሰበረ። አንዱ ቪዲዮ ለመቅረጽ ጭላዳዎቹን ያሯሩጣል፣ ሌላው ዳቦ ይወረውርላቸዋል። ሣሩ ሥር እሳት አነደዱ። ይባስ ብሎ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችን መልከፍ ጀመሩ። ሴቶቹ መንገዱን ትተው በሜዳው ዞረው ሄዱ። ይሄኛው ከሁሉም በላይ አናደደኝ። በገዛ አገራቸው፣ በገዛ መንገዳቸው!

ጠባቂው ሲመጣ ጠብ ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ወደ ልጆቹ አልሄደም። መጀመሪያ የሄደው ወደ ሹፌሩ ነው። ስፒከሩ የተሰካው መኪናው ላይ ነበር፣ ያልጠጣውም ሹፌሩ ብቻ ነው። ሰላምታ ሰጠው፣ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አለው፣ ሙዚቃው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ነው ልጆቹን «እንደምን ዋላችሁ» ያለው። ከሁሉም የሚጮኸውን ልጅ ትከሻውን ይዞ ለብቻው ፈንጠር አደረገው። ጓደኞቹ ፊት አላዋረደውም። እኔ ይሄን ትልቅ ችሎታ ነው የምለው።

ልጁ በቀላሉ እሺ አላለም። «የመንግሥት መሬት ነው፣ አንተ ምን አገባህ?» አለው።

«የእኛ ነው ልጄ። አያቶቻችን ባይጠብቁት ኖሮ ዛሬ አታየውም ነበር» ብሎ መለሰለት።

እውነቱን ነው። የመንዝ ሰው ጓሳን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግና በራሱ አለቃ ሲጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ተዘግቶ ይከርማል፣ ሲከፈት ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ (ለዝናብ መከላከያ ልብስ) ይታጨዳል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ኋላ ላይ መልሶ መተዳደሪያ ደንብ አወጣለት። ስለዚህ ጠባቂው «ተዉ» ሲል ከኋላው የቆመ ሕዝብ አለ።

እሳቱን ያጠፋበት መንገድ አሁንም ዓይኔ ላይ ነው። ውኃ ደፍቶ አልሄደም። ፍሙን በእንጨት በተነው፣ እንደገና ውኃ አፈሰሰበት፣ ከዚያ በእጁ ጀርባ አመዱን ዳሰሰው። ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን የጓሳ ጉቶ በሁለት እጁ ፈልቅቆ ሥሩን አየ። «ላዩ ጠፍቶ ሥሩ ሊያጨስ ይችላል፣ ማታ ነፋስ ሲመጣ ነው የሚነሳው» አለን። የጠርሙሱን ስብርባሪ ደግሞ ልጆቹን ራሳቸውን ጆንያ አስይዞ አስለቀማቸው። እዚያ የሚሮጠው እረኛ ባዶ እግሩን ነው። ከልጆቹ ሁለቱ እያጉረመረሙ መኪና ውስጥ ገቡ፣ ሌሎቹ ግን ለቀሙ። ስለ ለከፋው ለብቻው ተናገራቸው፣ ታርጋቸውንም ጻፈ።

ስንገባ እኛንም ውሻ ይዘን እንደሆነ ጠይቆን ነበር። ለካ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋል፣ መንጋውንም ይጨርሳል። ጭላዳም ዳቦ ከለመደ ሣሩን ትቶ መኪና መንገድ ዳር ይቀመጣል፣ መኪና ይገጨዋል፣ ሰውም ላይ ይደፍራል። ከሰዓት በኋላ ጉም መውረድ ሲጀምር «አሁኑኑ ውጡ» ብሎ አስቸኮለን። መታጠፊያው ላይ ቆሞ በባትሪ እያሳየ ሁላችንንም አሳለፈን፣ ኮስትሩንም ጭምር።

እንግዲህ ለምትሄዱ ሁሉ የምለው፣ መኪናችሁን አቁማችሁ ዝም ብላችሁ ሜዳው ውስጥ አትግቡ። ጽሕፈት ቤቱ ጋ ተመዝገቡ፣ የመግቢያውን ክፈሉ፣ ጠባቂ ይዛችሁ ግቡ። በተለይ ሴቶች ብቻችሁን ከሆናችሁ ወይም ተማሪ የምትወስዱ መምህራን ከሆናችሁ ይሄን አትዝለሉት። ቀበሮዋ የት እንደምትውል፣ የትኛው ገደል አፋፉ እንደሚከዳ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እሳት የት እንደሚፈቀድ ጠይቁ። ስፒከሩን ቤት ተዉት። ወፍራም ጃኬት ያዙ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ሌላም አለ። የጠባቂው የዝናብ ልብስ ትከሻው ላይ ተቀዶ በክር ተሰፍቷል። ጫማም ሆነ የዝናብ ልብስ መርዳት የምትፈልጉ በጽሕፈት ቤቱ በኩል አድርጉት፣ ለባልደረቦቹም ይደርሳል።

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን። እነዚያ ሴቶች መንገዳቸውን ትተው ሲዞሩ አይተህ ዝም ስላላልክ ከሁሉም በላይ አመሰግንሃለሁ።