ዓይናፋሮቹ መብራቶች፦ «ሻይላይት» በአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም

መጀመሪያ የሚታየው ከጣሪያው ሥር ተጠቅልሎ የተንጠለጠለ ነጭ እምቡጥ ነው። ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ በድንገት ይለቀቃል። ሲወርድ የሐሩ ድርቦች አንዱ ከሌላው ሥር እየተገለጡ ይሰፋሉ፣ በውስጡ ያለው ብርሃንም በጨርቁ ውስጥ ተጣርቶ ይወጣል። ገመዱ ሲገታው አካሉ ይቆማል እንጂ ጨርቁ አብሮት አይቆምም፤ ጠርዙ ለአንድ አፍታ ወደ ላይ ተነሥቶና ተርገብግቦ፣ እየዞረች ቆይታ ቀጥ እንዳለች ሴት ቀሚስ፣ ዘግይቶ ይረጋል። እኔን ያስቆመኝ ይህ መዘግየት ነው።

በሆላንድ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በራይክስሙዚየም፣ የተሰቀለው ይህ ሥራ «ሻይላይት» ይባላል፤ በአማርኛ «ዓይናፋር መብራት» ቢባል ሐሳቡ ብዙም አይጎድልበትም። የሠሩት በሆላንዷ ከተማ በአይንድሆቨን የዲዛይን አካዳሚ የተማሩትና «ድሪፍት» የተሰኘውን ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቋቋሙት ሎንከ ጎርዳይንና ራልፍ ናውታ ናቸው። የተነሡት አንዳንድ አበቦች ሲመሽ ተከድነው ሲነጋ ከሚፈኩበት ጠባይ ነው። ይህ ጠባይ ለገጠር ልጅ እንግዳ አይደለም፤ የቦሎቄ ቅጠል ቀን ተዘርግቶ ውሎ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ ታች እንደሚያጎነብስ ማሳ ዳር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ሁለቱ የጥበብ ሰዎች ያነሡት ጥያቄ፣ በተፈጥሮ ያለ ነገር ሁሉ ያለማቋረጥ እየተለወጠ ሲኖር ሰው የሠራው ዕቃ ግን ለምን አንድ ቅርጽ ብቻ ይዞ ይቀራል የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በሚወርድና በሚወጣ መብራት እስኪመልሱት ድረስ ዓመታት ወስዶባቸዋል።

በውስጡ ያለው መሣሪያ ለዘመናችን ሰው ብዙ ምሥጢር የለውም፤ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ሞተር፣ ሞተሩን የሚያዝዘው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የኤልኢዲ መብራትና ጨርቁን የሚሸከመው የብረት አካል ነው። ልዩነቱ ያለው ሥራው እንዴት እንደ ተከፋፈለ ላይ ነው። ሞተሩ የሚወስነው መቼና ምን ያህል እንደሚወርድ ሲሆን፣ ሐሩ እንዴት እንደሚሰፋና እንዴት እንደሚረጋ ግን አየሩና የጨርቁ የራሱ ክብደት ናቸው የሚወስኑት። ለማነጻጸር ያህል፣ ሙኒክ በሚገኘው የቢኤምደብሊው ሙዚየም ውስጥ ያለው እ.ኤ.አ. የ2008 ሥራ 714 የብረት ሉሎችን በቀጫጭን ገመድ አንጠልጥሎ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ሞተር እያወጣና እያወረደ በአየር ላይ የመኪና ቅርጽ ይሠራል። እጅግ የተዋጣለት ነው፤ ሆኖም እያንዳንዷ ሉል በታዘዘችበት ነጥብ ላይ ዝንፍ ሳትል ስለምትቆም፣ ተመልካቹ የሚያደንቀው ማሽኑን ያዘዘውን መሐንዲስ ነው። «ሻይላይት»ን ስመለከት መሐንዲሱን ረሳሁት። ትዝ ያለኝ ይልቁንም የጥምቀት ድባብ ነው፤ ተሸካሚው ሲራመድ ዘርፉ ከእርምጃው ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ እንደሚወዛወዘው ማለት ነው።

ስለ ቦታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ይህ ሥራ ሌላ ቦታ ቢሰቀል ግማሹን ያጣል። በፒዬር ካይፐርስ ንድፍ የተሠራው የራይክስሙዚየም ሕንፃ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። አሥር ዓመት ያህል ለእድሳት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ዋናው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2013፣ አምስቱ መብራቶች በቋሚነት የሚገኙበት የፊሊፕስ ክንፍ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ለሕዝብ ክፍት ሆነዋል። የክንፉ አንዱ ክፍል ከፈረሱ ጥንታውያን ሕንፃዎች በተሰበሰቡ የድንጋይና የጡብ ቅሪቶች የተገነባ ነው። ክንፉ ስሙን ያገኘበት የፊሊፕስ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1891 በአይንድሆቨን ሥራ የጀመረው አምፖል በማምረት ነው። የዚያው ከተማ አካዳሚ ያፈራቸው ሁለት ሰዎች በአምፖል ሠሪው ስም በተጠራ ክንፍ ውስጥ መብራት መስቀላቸው ታስቦበት ይሁን አጋጣሚ፣ ለእኔ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ሆኖ ታይቶኛል።

የዚህ ሙዚየም ዕቃዎች ሁሉ ዝም ብለው የቆሙ ናቸው። ሠዓሊው ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1642 የጨረሰው «የሌሊት ዘብ» የተባለው ሥዕል እንኳን፣ ሰዎቹ ለጉዞ ሊነሡ ያሉ ቢመስሉም፣ ከተሰለፉበት ንቅንቅ ብለው አያውቁም። ያንን ሁሉ አዳራሽ ዞሮ በደከመ እግር ወደዚህ የመጣ ሰው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚሰማው ዕረፍት ነው። ስለዚህ ጎብኚዎች ከዚህ ሥራ እንዳይጀምሩ እመክራለሁ፤ ሥዕሎቹን ጠግበው ሲያበቁ ይምጡ።

ሆላንድ አገር ሆኖ ስለሚከፈትና ስለሚከደን አበባ ሲያስብ የእኛ አገር ሰው አንድ ሌላ ነገር ማሰቡ አይቀርም። ከዝዋይና ከሆለታ እርሻዎች የሚላከው ጽጌረዳ ገና እምቡጥ ሳለ ተቆርጦ፣ ቶሎ እንዳይፈካ በቅዝቃዜ ተይዞ ወደዚህ አገር ይመጣል፤ ከፊሉም ከአምስተርዳም ብዙም በማይርቀው የአልስሜር የአበባ ጨረታ በኩል ያልፋል። አበባውን ያለ ሰዓቱ ዘግቶ ማቆየት እዚህ ትልቅ ንግድ ነው። ሁለቱ የጥበብ ሰዎች ይህን አስበው እንደ ሠሩት የሚያመለክት ነገር የለም፤ እኔ ግን ከጣሪያው ሥር የተጠቀለለውን እምቡጥ ባየሁ ቁጥር ከማቀዝቀዣው መኪና ጋር ማያያዜን መተው አልቻልሁም።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። አምስቱም በአንድ ጊዜ ሲወርዱ ውበቱ ይጨምራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አንድ ወይም ሁለት ብቻቸውን ሲንቀሳቀሱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፈቃድ ያላቸው ይመስላሉ፤ አብረው ሲወርዱ ግን ፕሮግራሙ ይታወቃል፣ ነገሩም ወደ ትልቅ ሆቴል መግቢያ ጌጥ ያደላል። ለነገሩ የዚህ ዓይነት ሥራ ሁሉ አደጋው ይኸው ነው፤ በቀላሉ ያምራል፣ በቀላሉ ያማረ ነገር ደግሞ ዕለቱኑ ይረሳል። «ሻይላይት»ን ከዚህ አደጋ የሚያድነው ዝምታው ነው፤ ማለትም ተንጠልጥሎ ምንም የማያደርግባቸው ደቂቃዎች። እነዚያን የማይታገሥ ጎብኚ፣ ስልኩን አውጥቶ ሲወርድ ብቻ ቀርጾ የሚሄድ፣ ያየው ግማሹን ነው።

ሙዚየሙ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ክፍት ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በነፃ ይገባሉ። የመግቢያ ትኬት በኢንተርኔት አስቀድሞ መያዝ ይሻላል። ከመብራቶቹ ሥር ለመቆየት ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይመደብ፤ ከላይ ሆኖ ማየት ግን አልመክርም፣ ብረቱና ገመዱ ይበልጥ ስለሚታዩ። እኔ በቆምሁበት ሰዓት ሁለት ልጆች፣ ምናልባትም ወንድምና እህት፣ አንገታቸውን ቀልሰው ቀጥሎ የቱ እንደሚወርድ በጣት እያመለከቱ ይወራረዱ ነበር። እኔም በልቤ ገባሁበት። ከአራቱ ውርርድ ሦስቱን ተሸነፍሁ።