ሕክምናው መልካም፣ አግዳሚው ግን ገመና ያወጣል፦ የአንድ ክሊኒክ የኤችአይቪ ክትትል አገልግሎት

ታላቅ እኅቴን ለኤችአይቪ ክትትሏ እያጀብኩ ከተማ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ መመላለስ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ይህን የምጽፈውም በእርሷ ፈቃድ ነው። በሕክምናው በኩል የምነቅፈው ነገር የለኝም። በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ይሰጣታል፣ የቫይረስ መጠኗ ጊዜውን ጠብቆ ይለካል፣ ቫይረሱም በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ከደረሰ ቆይቷል። የዚህን ትርጉም አማካሪዋ ነርስ ሳትቸኩል አስረድታታለች፦ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረስ መጠኑ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው ሌላቸው የሌለባቸው ጥንዶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2019 ውጤታቸው የታተመው ጥናቶችም ኮንዶም ሳይጠቀሙ ከቆዩት መካከል በዚህ ሁኔታ ከአጋር ወደ አጋር የተላለፈ አንድም ቫይረስ አላገኙም። እኅቴ ይህን የሰማች ዕለት ያለቀሰችው ለብዙ ጊዜ ልጆቿን አቅፋ ለመሳም ትፈራ ስለነበር ነው፤ በመሳም እንደማይተላለፍ ግን ቀድሞም የነገራት ሰው አልነበረም።

ቅሬታዬ ከምርመራ ክፍሉ ውጭ ነው። የክትትል ክፍሉ ለብቻው በር፣ ለብቻው አግዳሚ አለው፤ አግዳሚውም ከዋናው ተራ መጠበቂያ ፊት ለፊት ስለተቀመጠ፣ እዚያ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚከታተል ለማንም ግልጽ ነው። የካርዷ ቀለም ከሌሎቹ ይለይ ነበር። በር ላይ ያለው ጥበቃም «ለየትኛው ክፍል ነው?» ብሎ ጮክ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ከተማ ሰው ከሰው ተሰውሮ የሚኖርበት ይመስላል እንጂ፣ አከራይ፣ የሥራ ባልደረባና የጎረቤት ልጅ የሚታከሙት እዚያው ክሊኒክ ነው። እኅቴን መጀመሪያ ያስጨነቃት ሞት አልነበረም፤ «ቤት ልቀቂ ብባልስ?» የሚለው ነበር። ተከራይቶ ለሚኖርና በሰው መልካም ፈቃድ ለሚቀጠር ሰው አሉባልታ መጠለያንም እንጀራንም ያሳጣል። በዚህ ፍርሃት ቅርብ ያለውን ክሊኒክ ትተው ከተማውን አቋርጠው የሚሄዱ፣ የትራንስፖርቱና የሥራ ሰዓቱ ነገር ሲከብዳቸውም ቀጠሮ የሚያሳልፉ ሰዎች በተራ መጠበቂያው ገጥመውኛል፤ መድኃኒት ሲቋረጥ ደግሞ ቫይረሱ እንደገና ይበዛል።

መገለሉን ክሊኒኩ አልፈጠረውም። የዓለም ጤና ድርጅትን የኤድስ ፕሮግራም ይመሩ የነበሩት ሐኪም ጆናታን ማን እ.ኤ.አ. በ1987 ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሲናገሩ ማኅበራዊውን ምላሽ፣ ማለትም መገለልና አድልዎን፣ ከቫይረሱና ከኤድስ ቀጥሎ ሦስተኛው ወረርሽኝ ብለውታል። ሕክምና ባልነበረበት ዘመን የተሰጠው፣ ሞትን ብቻ የሚያሳይ ትምህርት የተወው ድንጋጤ አልጠፋም፤ በሽታውን ከሥነ ምግባር ጉድለት ጋር ማያያዙም እንዲሁ። ሴቶች ላይ ደግሞ ይበረታል። በነፍሰ ጡር ክትትል ስለሚመረመሩ ብዙ ጊዜ ውጤታቸውን ከባሎቻቸው ቀድመው ያውቃሉ፤ ቀድማ ያወቀችውም «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» ትባላለች። እኅቴም ተብላለች።

ክሊኒኩ ጥሩ የሠራው ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ አንዲት ሴት በአማካሪነት መቅጠሩን ነው። እኅቴ ለእኔ ያልነገረችኝን ለእርሳቸው ነግራለች፤ ክኒኖቹ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳይንኮሻኮሹ ከዕቃቸው አውጥታ በጨርቅ ትጠቀልል እንደነበርም ያወቅሁት በእርሳቸው በኩል ነው። እርጥበት መድኃኒቱን ሊያበላሸው ስለሚችል፣ ከዕቃው ሳታወጣ እንድትይዝ መከሯት። የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠታቸውም ምልልሱን ቀንሶላታል፤ ጤናቸው ለተረጋጋ ሰዎች ስድስት ወር ቢሆን ደግሞ ይበልጥ እወድ ነበር።

ሕክምና ለሚፈልግ ሰው ይህን አገልግሎት ያለማመንታት እመክራለሁ። ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያመለከትኩት ሦስት ነገር ነበር፤ ካርዱ አንድ ዓይነት ቀለም እንዲሆን፣ ጥበቃው እንዳይጠይቅ፣ አግዳሚው ከሌሎች ታካሚዎች ጋር እንዲቀላቀል። ካርዱ ተቀይሯል፣ ጥበቃውም መጠየቁን ትቷል። አግዳሚው ግን ባለፈው ቀጠሯችንም እዚያው ነበር፤ እኅቴም ስሟ እስኪጠራ ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀች።