«የሴቶች ቫይታሚን» የሚሸጡላችሁን ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ድሬ ያላችሁ እህቶቼ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ አካባቢ ያሉትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ከፊት ሽቶና ቅባት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ «ከውጭ የመጣ ኦርጅናል»። «ነይ የኔ ቆንጆ» ብለው ወንበር ይስቡላችኋል።

እኔ የሄድኩት ከብልቴ የሚወጣ ግራጫ የሆነ ፈሳሽና መጥፎ ሽታ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ሻጯ ጆሮዬ ስር እያንሾካሾከች ጠየቀችኝ። «ይሄ እኮ የቫይታሚን እጥረት ነው። ዚንክና ቫይታሚን ሲ ሲያንስ እንዲህ ያደርጋል። ካልተሻለሽ ብርሽን እመልስልሻለሁ» አለችኝ። ለአንድ ብልቃጥ ቫይታሚን 1,800 ብር በቴሌብር ላኩላት። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። በላዩ ላይ «ለውስጥ መታጠቢያ» ብላ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሳሙና ሸጠችልኝ።

ብልቃጡ አለቀ፣ ሽታው ባሰ። ባዶውን ይዤ ተመለስኩ። ሽቶ የሚያማርጡ ወንዶች ነበሩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አልተሻለኝም፣ በተነጋገርነው መሰረት…» ስላት ከመቀመጫዋ እንኳ አልተነሳችም። ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል፣ ሱቁ ሙሉ እንዲሰማ፣ «አንቺ ያ የሚሸትሽ ነሽ አይደል? እኔ ምን ላድርግሽ? ባልሽን አስመርምሪ!» አለች። አንዱ ሰውዬ ዞር ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። አብራት የምትሰራው ልጅ በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች። ያ ሁሉ መንሾካሾክ፣ ያ ሁሉ «የኔ ቆንጆ» ብሩ እስኪገባላት ነበር። ብሩስ ይቅር። ገመናዬን ለማላውቀው ወንድ ማሰማቷ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ከዚያው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር መረመረችኝ፣ ናሙናም ተወሰደ። ብልቃጡንም አገላብጣ አነበበችው። ታች በደቃቅ ፊደል «በሽታን ለማከም የታሰበ አይደለም» ይላል። ራሱ ብልቃጡ!

የእኔ ችግር የባክቴሪያ ሚዛን መዛባት ነው። ብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። ላክቲክ አሲድ እያመረቱ ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያውን፣ ከ3.8 እስከ 4.5 አካባቢ ያቆዩታል። እነሱ ሲመናመኑ ሌሎቹ ይራባሉ፣ ሽታውም ከዚያ ይመጣል። ሜትሮኒዳዞል የሚባል የባክቴሪያ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ዋጋው ከብልቃጡ ጋር በጭራሽ አይገናኝም። ያ ሳሙና ደግሞ ጠቃሚዎቹን ጠራርጎ ነገሩን የሚያባብስ ነው።

ሲስተር ቫይታሚንን አላጣጣለችም። ቫይታሚን ዲ ባነሰባቸው ሴቶች ላይ ይህ ችግር በብዛት የታየባቸው ጥናቶች አሉ። ብረት፣ ፎሌትና ዚንክም ለሰውነት መከላከያ ያስፈልጋሉ፤ እነዚህን ከምስር፣ ከጎመን፣ ከስጋና ከእንቁላል እናገኛለን። የያዘንን ኢንፌክሽን ግን ቫይታሚን አያድነውም። ስኳር በሽታ ያለባት ሴት ፈንገስ ቢመላለስባት መቆጣጠር ያለባት ስኳሯን ነው፤ ብልቃጥ መግዛት መፍትሄ አይሆናትም።

በጣም ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ሬቲኖል፣ ማለትም ቫይታሚን ኤ አለበት። ከመጠን ሲያልፍ ጽንስ ይጎዳል። ሻጯ «እርጉዝ ነሽ ወይ?» ብላ አንዴ እንኳ አልጠየቀችኝም። ብሆንስ ኖሮ?

ፈሳሻችሁ ሽታው ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አይብ የመሰለና የሚያሳክክ ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ደረሰኝ ከማይሰጥ ሱቅ ምንም የሚዋጥ ነገር አትግዙ። ነፍሰ ጡሮች በተለይ ያንን ብልቃጥ እንዳትነኩት።